አብሮ የተሠራው የድረ ገጽ ማሰሻና የጥገናው ታሪክ፤ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ አንጻር

የመሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ የተፈለሰፈበት ቀን ይጠቀሳል፤ የጥገናው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን ዋናው ቀን መሣሪያው የተበላሸበት ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ጋራ አብሮ ተሠርቶ የሚመጣው የድረ ገጽ ማሰሻ፣ ማለት ብራውዘር፣ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ሲበላሽም እንዴት ይጠገን እንደ ነበረ፣ ይህም በሰቆጣና በአካባቢዋ ላለ ተማሪና ሠራተኛ ምን ትርጕም እንዳለው ለመግለጽ እንሞክራለን።

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን መጀመሪያ ያወጣው በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው ከዚያ ጥቂት ቈይቶ በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኋላም ወረዳ ኔት በተባለው ፕሮግራም የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሳተላይት ከማዕከል ጋራ መገናኘት ጀመሩ። ማሰሻው በመጀመሪያ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ነበረ። በሰኔ 1990 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ 98 ግን ከሥርዐቱ ጋራ ተዋሐደ፤ ይኸውም ድረ ገጽን የሚያሳየው ክፍል የፋይል ማኅደሮችንና የእርዳታ ገጾችን ጭምር የሚያሳይ ሆነ።

ከዚህ አንድ ወር ቀደም ብሎ በግንቦት 1990 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን ከስሶ ነበር። ከክርክሩ ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ ማሰሻው ከዊንዶውስ ሊለይ ይችላልን የሚል ነው። የመጀመሪያው ዳኛ በ1992 ዓ.ም. ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ፈረዱ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በሰኔ 1993 ዓ.ም. ይህን ትእዛዝ ሻረው፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። ማሰሻውም በዊንዶውስ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ያለውን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ማሰብ ይበቃል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት መስኮቱ ቢበሰብስ አናጢ ነቅሎ ሌላ ይገጥምለታል። ከአለት በተፈለፈለ ቤት ግን መስኮቱና ግድግዳው አንድ አለት ስለ ሆኑ ነቅሎ መተካት የለም። እንደዚሁም አብሮ የተሠራውን ማሰሻ መጠገን ሥርዐቱን ራሱን መጠገን ማለት ሆነ።

በጥቅምት 1994 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የታወቀው መንገድ ሥርዐቱ የራሱን ፋይሎች እንዲመረምር ማዘዝ ነበር። የተበላሸ ፋይል ሲያገኝ ዋናውን ሲዲ ይጠይቃል፤ ይህም ቅጠል የጐደለበት የብራና መጽሐፍ ከሌላ ደብር ቅጂ እየታየ እንደሚሟላ ያለ ነው። ሲዲው ከጠፋ ጥገናው ይቆማል። ሁለተኛው መንገድ አዲስ እትም በላዩ መጫን ሲሆን፣ ለኤክስፒ የመጨረሻው በመጋቢት 2001 ዓ.ም. የወጣው 8ኛው እትም ነው። በዊንዶውስ 7 ደግሞ ማሰሻውን ከቅንብሩ ውስጥ አጥፍቶ፣ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ አስነሥቶ፣ እንደ ገና ማብራት ይቻላል።

ነገር ግን የተበላሸ የሚመስለው ሁሉ የተበላሸ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቢሆንም ኤክስፒ የፊደሉን ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ስለዚህ የአማርኛ ገጽ በባዶ ሣጥኖች ተሞልቶ ይታይ ነበር። ኽምጣንጋም በዚሁ ፊደል ስለሚጻፍ ጕዳቱ ለዋግ ኽምራ እጥፍ ነው። ለዚህ ማሰሻውን ደጋግሞ መጫን አይረዳም፤ መድኀኒቱ ፎንት ነው። በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። እንዲሁም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስትሞት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሰሻውም የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ቀኑ ገና ያልደረሰ አድርጎ ይቈጥረውና አልከፍትም ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ባትሪዋን መለወጥና ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ለኤክስፒ የሚደረገው ድጋፍ በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳይከፈት ተደርጎ ኤጅ ተተካበት። የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን የምስጢር አጻጻፍ የኤክስፒ ማሰሻ አያውቀውም። ስለዚህ ጥገናው ያለ ስሕተት ቢፈጸም እንኳ ማሰሻው የሚመለሰው ወደ ተሠራበት ዘመን ነው፤ ወደ እኛ ዘመን አይደርስም።

አሮጌውን መጣል ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም የብሔራዊ ፈተና ውጤት በድረ ገጽ በሚታይበት ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ ብቸኛ በር ሊሆን ይችላል። ሌላ ማሰሻ ከኢንተርኔት ለማውረድም አስቀድሞ የሚሠራ ማሰሻ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከጎረቤት ተበድሮ ይታለፋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ደርሶ መስመሩ ሲቋረጥ ግን በእጅ ካለው በቀር የሚበደሩት አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ የደጋ ትምህርት ቤት ዋናውን ሲዲ፣ ለኮምፒዩተሩ የሚስማማውን የመጨረሻ የፋየርፎክስ እትም፣ የአማርኛ ፎንትና ትርፍ ባትሪ፣ ምን እንደ ተበላሸና እንዴት እንደ ተጠገነ ከሚመዘገብበት ደብተር ጋራ በአንድ ሣጥን ሊያኖር ይገባዋል። መስመሩ በተቋረጠ ቀን ያ ሣጥን የትምህርት ቤቱ ዋና ቅጂ ይሆናል፤ ደብተሩም ከእኛ በኋላ ለሚመጣው የታሪክ ተማሪ ምንጭ ሆኖ ያገለግላል።