ጀማሪ ፖሊስ ከማን ይማራል? ሥልጠናና ተጠያቂነት በሚኒያፖሊሱ ጉዳይ

ፖሊስ ያለልክ ኃይል ተጠቅሞ ሰው በሞተ ቁጥር ቀድሞ የሚሰጠው ማብራሪያ የሥልጠና ጉድለት ነው። ማብራሪያው ብዙዎችን ያስማማል። አለቃው የግለሰቡን ጥፋት ከመመርመር ይልቅ አዲስ ኮርስ ማዘዝ ይቀለዋል፤ ተከሳሹ እንዲህ ነው የተማርኩት ብሎ ይከራከራል፤ ፖለቲከኛውም በጀት መድቦ ፋይሉን ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሥልጠናን ከተጠያቂነት ነጥሎ ማየት ስሕተት ነው የሚል ነው። ጀማሪ ፖሊስ ኃይል መቼና እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድለት በዋነኛነት የሚማረው ከነባሮቹ ድርጊት ነው፤ ድርጊታቸው ቅጣት ማስከተሉን ወይም አለማስከተሉን አይቶም ይማራል። ለዚህ የሚኒያፖሊስን ያህል በሰነድ የተሞላ ጉዳይ አላውቅም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 25 ቀን 2020 አራት ፖሊሶች ጆርጅ ፍሎይድን ያዙት፤ የተጠረጠረው ለሱቅ ሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ከፍሏል ተብሎ ነበር። እጁ በካቴና ታስሮ አስፋልት ላይ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ዴሪክ ሾቪን በጉልበቱ አንገቱን ተጫነው። ዐቃቤ ሕግ በችሎት እንዳስረዳው ይህ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ቆይቷል። አብረውት ከነበሩት መካከል አሌክሳንደር ኪንግና ቶማስ ሌን የመስክ ሥልጠናቸውን ጨርሰው ራሳቸውን ችለው መሥራት ከጀመሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ሌን ሰውየውን ወደ ጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ኪንግ የልብ ምት ፈልጎ እንዳጣ ተናገረ። ሾቪን ግን ከቦታው አልተነሣም፤ ፍሎይድም ሞተ። ይህን ሁሉ የምናውቀው በደረታቸው ላይ ከነበሩት ካሜራዎች ነው። ሾቪን በሥራው ላይ 19 ዓመት የቆየ ከመሆኑም በላይ ኪንግን በመስክ ያሠለጠነው እሱ ራሱ ነበር።

በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። የከተማው ፖሊስ መመሪያ ከ2016 ጀምሮ የሰው ሕይወት ክቡር መሆኑን ይደነግጋል፤ ባልደረባው ያለአግባብ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስ ጣልቃ የመግባት ግዴታ እንዳለበትም ይናገራል። በሾቪን ችሎት ላይ የፖሊስ አዛዡ ሜዳሪያ አራዶንዶ ድርጊቱ ከመመሪያውም ከሥልጠናውም ውጭ እንደሆነ መሰከሩ፤ ሥልጠናውን ይመሩ የነበሩ መኮንኖችም ይህንኑ ደገሙ። የፖሊስ አዛዥ በገዛ ባልደረባው ላይ መመስከሩ ብርቅ ነውና ምስክርነቱ ሊከበር ይገባል። ሆኖም ሙሉ አይደለም። ያው መመሪያ አንገትን መያዝን እስከ ጁን 2020 ድረስ ይፈቅድ ነበር። በሾቪን ላይ ከ17 ያላነሱ ቅሬታዎች ቀርበው ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለ ቅጣት ተዘግተዋል። በዲሴምበር 2021 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን ሲያምን፣ በ2017 የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ጉሮሮ አንቆ እንደያዘ፣ ጭንቅላቱን በእጅ ባትሪ እንደመታውና አንገቱን በጉልበቱ እንደተጫነ ጭምር አምኗል። ከዚያ ድርጊት በኋላም መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፖሊሶችን እንዲያሠለጥን ወክሎታል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኪንግ በክፍል ውስጥ ጣልቃ የመግባት ግዴታ እንዳለበት ሰምቷል፤ በመኪና ውስጥ ግን አጠገቡ የተቀመጠው፣ የሥራ ብቃቱንም የሚመዝንለት ሾቪን ነበር። ከሁለቱ ትምህርቶች የትኛው እንደሚጸና መገመት አያዳግትም። መሥሪያ ቤቱ ሾቪንን አሠልጣኝ አድርጎ ሲሾም፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ስለ ኃይል አጠቃቀም ከየትኛውም መመሪያ የጠነከረ መልእክት አስተላልፏል። አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ የፍሎይድን አሟሟት በስልኳ ባትቀርጽ ኖሮ የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ፣ ሰውየው በሕመም ምክንያት ሞተ የሚለው፣ የመዝገቡ የመጨረሻ ቃል ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ አሠልጣኙም ማሠልጠኑን ይቀጥል ነበር።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ችግር ያባብሰዋል ባይ ነኝ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1989 የግራሃም እና ኮነር ውሳኔ የኃይል አጠቃቀምን የሚለካው በቦታው ቢኖር ምክንያታዊ የሆነ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር በሚል ነው። ችግሩ ምክንያታዊውን ፖሊስ የሚቀርጸው ያው ሥልጠና መሆኑ ነው። ምልምሉ እያንዳንዱ መኪና ሞት ይዞ እንደሚመጣ ሲነገረው ከባጀ ፍርሃቱ የሕግ መለኪያ ይሆናል። በ2016 በሚኒያፖሊስ አቅራቢያ ፊላንዶ ካስቲልን በመኪናው ውስጥ ተኩሶ የገደለው ፖሊስ የ«ተዋጊነት» አስተሳሰብ የሚያሰርጽ ኮርስ ወስዶ ነበር፤ በ2017 ነፃ ተባለ። ከንቲባ ጄከብ ፍሬይ በ2019 የከተማዋ ፖሊሶች እንዲህ ያለውን ሥልጠና እንዳይወስዱ ሲከለክሉ የፖሊሶቹ ማኅበር ለአባላቱ በነፃ እንደሚያቀርበው አስታወቀ። በዚያው በ1989 የተሰጠው የካንተን እና ሃሪስ ውሳኔ ከተማዎችን ላላሠለጠኑት ፖሊስ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ነገር ግን ቸልተኝነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቅ ተበዳይ ይህን ማስረዳቱ ከባድ ነው።

ሥልጠና ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በሉዊቪል ከተማ ነገርን የማብረድ ሥልጠና በ2019 ተሰጥቶ በሮቢን ኤንግል የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ሲያጠናው ኃይል የተጠቀሙባቸው አጋጣሚዎች በ28 በመቶ፣ የፖሊሶች ጉዳት በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ፖሊስንም ዜጋንም የሚጠብቅ መሆኑ መታወቅ አለበት። ነገር ግን በማርች 2020 ብሪዮና ቴይለር በገዛ ቤቷ በፖሊስ ጥይት የተገደለችው በዚያችው ከተማ ነው። ከመርማሪዎቹ አንዷ ለፍተሻው ፈቃድ የቀረበውን ቃለ መሐላ በሐሰት በማዘጋጀት ሴራ ተካፋይ መሆኗን በ2022 አምናለች። መንገድ ላይ ያለው ፖሊስ ረጋ ማለትን ሲማር ማዘዣ የሚያጽፈው ክፍል ግን ያለ በቂ ቁጥጥር ይሠራ ነበር። ሥልጠናው የደረሰው ኮርሱ በደረሰበት ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የኒው ዮርክ ተሞክሮ ነው። በ1972 የከተማው ፖሊስ የተኩስ ደንቡን ሲያጠብቅ እያንዳንዱን ተኩስ የሚመረምር ቦርድም አብሮ አቋቋመ። የቀድሞ ፖሊስና ተመራማሪ የነበሩት ጄምስ ፋይፍ ባደረጉት ጥናት ተኩሱ 30 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አደገኛ ያልሆነን ሸሺ ተኩሶ መግደልን የከለከለው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ነው። ደንቡ ጥይት የተኮሰ ሁሉ በማግስቱ እንደሚጠየቅ ከሚያውቅ ሰው ጋር ስለ ተገናኘ ሠራ።

ሾቪን በ2021 የ22 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደበት። በፌብሯሪ 2022 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ሦስቱን ባልደረቦቹን ፍሎይድን ባለመርዳት፣ ኪንግንና አራተኛውን ፖሊስ ቱ ታውን በተጨማሪ ሾቪንን ባለማስቆም ጥፋተኛ አላቸው። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ዝምታ ሊያስጠይቅ ይገባል። ቢሆንም በሥራው ጥቂት ቀን ብቻ ያስቆጠረው ጀማሪ ለአሠልጣኙ ድርጊት እስር ቤት ሲገባ፣ ያንን ሰው አሠልጣኝ አድርገው የሾሙትና ቅሬታዎቹን የዘጉት አለቆች ለችሎት አልቀረቡም። የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ በ2016 የጀመረው መርሐ ግብር ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኧርቪን ስታውብ ስለ ዝም ብሎ ተመልካችነት ያካሄዱትን ጥናት መሠረት አድርጎ፣ ባልደረባን ማስቆም የሚለማመዱት ችሎታ እንደሆነ ያስተምራል፤ በሁሉም ማዕረግ ላይ ያሉትን ያካትታል። ማዕረግ ባለበት ቤት የበታች የበላዩን እጅ እንዲይዝ የሚያስችለው የበላዩ አስቀድሞ መፍቀዱ ነው።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ ጉዳዩ ለእኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚያም በላይ የራሳችንን ሕግ እንድናይ ያስገድደናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 በተያዘ ሰው ላይ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ የሚጠቀምን ባለሥልጣን ይቀጣል። አንቀጽ 73 እና 74 የሕገ ወጥ ትእዛዝ ሰጪውንም ሕገ ወጥነቱን እያወቀ የፈጸመውንም ይጠይቃሉ። እነዚህ ድንጋጌዎች ለትእዛዝ የተዘጋጁ ናቸው። ሾቪን ለኪንግ ምሳሌ ሆነው እንጂ አንገት ተጫን ብሎ አላዘዘውም። በ1990 በሃቫና የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መርሖዎች ሰነድ በ24ኛው ነጥቡ የተሻለ በር ይከፍታል፦ አለቃ የበታቾቹ ሕገ ወጥ ኃይል እንደሚጠቀሙ ካወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ካላስቆመ ይጠየቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስን ለየክልሎቹ ስለሰጠ ሥራው በአንድ አዋጅ የሚያልቅ አይደለም። ለመጀመር ግን አዲስ ሕግም አያስፈልግም። ከማሠልጠኛ የወጣ ምልምል በመጀመሪያዎቹ ወራት አብሮት የሚመደበው ነባር ፖሊስ ማን እንደሆነ በስም ይመዝገብ፤ ያ ነባር ቅሬታ ያለበት ከሆነ ቅሬታው እስኪጣራ ድረስ ምልምል አይሰጠው፤ ምልምሉ ኃይል ተጠቅሞ ሰው ሲጎዳ ደግሞ ምርመራው ያሠለጠነውንና የመደበውን አለቃ ቃል ሳይቀበል አይዘጋ።