ምኒልክ ያሉበት፣ ጌዴኦ የሌለበት ካርታ

ሲቪላይዜሽን በተባለው ተራ በተራ የሚካሄድ የኮምፒውተር ጨዋታ ስድስተኛ እትም ውስጥ ኢትዮጵያን የሚመሯት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ጨዋታው የገቡት ንጉሠ ነገሥት አንድ ልዩ ጸጋ አላቸው፤ ኮረብታ ላይ የቆረቆሯቸው ከተሞች ከሚያስገኙት እምነት 15 በመቶ የሚሆን ሳይንስና ባህል ይመረቅላቸዋል። ሠራዊታቸውም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ብርታት ይጨመርለታል።

ሠሪዎቹ ያለ ነገር አላሉትም። በ1880ዎቹ የምኒልክ ጦር ደቡብን ሲያስገብር ሰፋሪው ወታደር የሚከትመው ከፍ ያለ ቦታ እየመረጠ ነበር። የዛሬው ጌዴኦ፣ በዚያን ዘመን አጠራር ደራሳ፣ የተጠቃለለው በዚሁ ዘመቻ ነው። በጨዋታው የማይታየው ከኮረብታው ሥር የሚኖረው ሰው ነው፤ ገባር ተብሎ ለሰፋሪው የተደለደለው ገበሬ።

የባህል ትግሉ አሠራር ጎልቶ የሚታየው በአምስተኛው እትም ነው። እዚያ ባህል መከላከያ፣ ቱሪዝም ማጥቂያ ነው። የአንዱ አገር ቱሪዝም ተጠራቅሞ የሌላውን የተጠራቀመ ባህል ከበለጠ፣ ሁለተኛው በተፅዕኖ ሥር ወደቀ ይባላል። ዘመኑ ሲገፋ እያንዳንዱ አገር ከሦስት ርዕዮተ ዓለሞች አንዱን ይመርጣል፦ ነፃነት፣ ሥርዓት ወይም ፈላጭ ቆራጭነት። የጎረቤት ርዕዮት ካየለ ሕዝቡ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ አብዮታዊ ማዕበል ይነሣል።

ይህ ሒሳብ በጌዴኦ ታሪክ ቢፈተሽ ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን አይሠራም።

ልክ ከሆነው እንጀምር። በ1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ ሚስዮኖች አዋጅ አወጣ። አገሪቱን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ» እና «ክፍት አካባቢ» ብሎ ከፈለ፤ ሚስዮኖች በአማርኛ እንዲያስተምሩም አዘዘ። ካርታ ላይ ቀለም እንደመቀባት ያለ ሥራ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኤስ.አይ.ኤም. በዲላ፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን በይርጋ ጨፌ በኩል ገቡ። ዛሬ አብላጫው የጌዴኦ ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው።

ለምን? ለብዙ ገበሬ የመንግሥቱ ሃይማኖት የመጣው ከመልከኛው ጋር ነበር። አዲሱ እምነት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይዞ ሲመጣ ግብር አልጠየቀውም። ቅሬታ ያለበት ሕዝብ ዓይኑን ወደ ሌላ ያማትራል፤ ጨዋታው ይህን በትክክል ይዞታል። ማጉረምረሙ ወደ እምቢታ ማለፉም አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. ባለመሬቱ ከቡናው በሚወስደው ድርሻ የተማረረው የጌዴኦ ገበሬ ጦሩን ይዞ ተነሣ፤ ሚችሌ ላይ በጠመንጃ ተመታ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሆነ።

ደርግም በተራው ባህል ሰጠ፣ ባህል ነሣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር። ያው መንግሥት ግን በደቡብ የብዙ አብያተ ክርስቲያናትን በር ዘጋ።

የማይሠራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ዘውዱ ሄደ፣ ማጭድና መዶሻው ሄደ፣ ፌዴራሊዝም መጣ። በነዚህ ሁሉ ተራዎች በቁልቁለቱ ላይ ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር እንደተደራረበ ቆየ። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው መፍረዳቸውም ሆነ ባሌ የተባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት ጨርሶ አልጠፋም። ጨዋታው ባህልን የሚቆጥረው በሐውልት፣ በሥዕልና በሙዚየም ነው። ገበሬ እጅ ላይ ያለ ባህል ነጥብ የለውም፤ ነጥብ ስለሌለውም ማንም ሊበልጠው አልሞከረም። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ይህንኑ ነው።

አሁን ግን ተቆጥሯል። ቱሪስት ይመጣል፣ በጀት ይመጣል፣ ሁሉም «የኔ ነው» ይላል። አደጋው ከሌላ በኩል ነው። ጥብቅ ደኖቹን ለዘመናት ያቆያቸው አጥር ወይም ዘበኛ አይደለም፤ ቦታው የተቀደሰ ነው የሚለው እምነት ነው። ያን እምነት የተወው ወጣት መሬት ጠቦታል፤ ደኑ ለሱ ያልታረሰ ማሳ ነው። ሥርዓቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ እያነሱ ነው።

ሃይማኖቱን ቀይር ወይም መልስ የሚለው ማንም ሊኖር አይገባም፤ ያ የአዋጁ ዘመን አስተሳሰብ ነው። የሚቻለው ሌላ ነው። የዲላና የይርጋ ጨፌ ሰባኪ ሥርዓቱን ሳይቀበል ዛፉን አትቁረጡ ማለት ይችላል። ዞኑም ለሶንጎ የፎቶ መድረክ ብቻ ሳይሆን በደኑ ላይ የመወሰን ሥልጣን ሊሰጠው ይችላል። ያለዚያ ሦስት መንግሥታት ያልበለጡትን ባህል፣ በመጨረሻ የሚበልጠው ወራሽ ማጣቱ ይሆናል።