ገንዘቡ ሲያልቅ የሚያልቅ ግምገማ፦ በውጭ እርዳታ የተደገፈው የመምህራን ልማትና የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የትምህርት ለውጥ ከውጭ እርዳታ ተለይቶ የታየበት ዘመን ጥቂት ነው። በ1940ዎቹ ፖይንት ፎር በተባለው የቴክኒክ እርዳታ ስምምነት አሜሪካውያን ባለሙያዎች መጡ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመደቡ። የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ የተቋቋመው በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት ነበር። በደርግ ጊዜ የምሥራቅ ጀርመን አማካሪዎች በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የዓለም ባንክ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የኔዘርላንድስ፣ የፊንላንድና የሌሎችም ድጋፍ በላይ በላዩ ተደራርቧል። ስለ እነዚህ ሥራዎች የተጻፈው የግምገማ ሰነድ ቢሰበሰብ ብዙ መደርደሪያ ይሞላል። ሆኖም አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዲን “ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው ሠራ? የትኛው ሳይሠራ ቀረ? ለምን?” ብሎ ቢጠይቅ የሚጨብጠው መልስ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ችግሩ የግምገማ ማነስ አይመስለኝም። ችግሩ ግምገማው መቼ እንደሚካሄድና ለማን እንደሚካሄድ ላይ ነው። የፕሮጀክት ዕድሜ አምስት ዓመት ነው፤ የአንድ መምህር የማስተማር ልማድ የሚለወጠው ግን ከዚያ በረዘመ ጊዜ ነው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ሒሳብ ለመዝጋት የሚጻፍ ሪፖርት የፕሮጀክቱን አፈጻጸም ይነግረን ይሆናል እንጂ የለውጡን ውጤት ሊነግረን አይችልም።

መምህሩ ያልተጠየቀበት ጥናት

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ማስረጃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተፈጸመ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ሥራውን ጀመረ። ኢትዮጵያውያን ምሁራንና የውጭ ባለሙያዎች በግብረ ኃይል ተከፋፍለው ያዘጋጁት ሰነድ በብዙ መልኩ የሚደነቅ ነበር። በገጠሩና በከተማው መካከል የነበረውን ግፍ የተሞላበት ልዩነት በቁጥር አሳየ፤ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስም ሐሳብ አቀረበ። የጥናቱን ጥራት ዛሬም የሚክዱ ብዙ አይደሉም።

የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው። ሐሳቡ በአደባባይ ሲሰማ መምህራን ደመወዛቸው እንደሚነካና የክፍላቸው ተማሪ ቁጥር እንደሚያብጥ ፈሩ። ወላጆችም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ወደ እርሻው እንዲመለስ ተፈረደበት ብለው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎችና ተማሪዎች ተጨመሩ፤ መንግሥትም ሰነዱን ከሥራ ላይ ለማንሳት ተገደደ። የሴክተር ሪቪውን ጥናት ያካሄዱት ሰዎች የወጪና የተማሪ ቁጥር ስሌታቸውን በጥንቃቄ ሠርተዋል። ለውጡን በክፍል ውስጥ የሚፈጽመውን መምህር ግን እንደ ወጪ ርእስ እንጂ እንደ ፈራጅ አላዩትም። ከዚህ በኋላ ያለው የኢትዮጵያ የትምህርት ለውጥ ታሪክ ይህንኑ ጥፋት በለሰለሰ መልክ ሲደግም እናገኘዋለን።

ከአሳታፊ ዘዴ ወደ ዴስክ አቀማመጥ

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ፣ በምህጻሩ ቴሶ የሚባለው፣ በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው ተዘረጋ። ከለጋሾች የጋራ ፈንድ የሚደገፈው የመምህራን ልማት ፕሮግራምም አብሮት መጣ። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። የማስተማር ልምምድ ሰፊ ቦታ ተሰጠው። ተማሪ ተኮር ትምህርት፣ ተከታታይ ምዘናና የድርጊት ምርምር የዘመኑ መመሪያ ሆኑ፤ የኮሌጅ መምህራንም የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደረገ። በሥራ ላይ ላሉት መምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተወሰነ፤ ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ተደራጁ።

ከሐሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። በዝምታ ይገለብጥ የነበረ ተማሪ እንዲጠይቅና እንዲሞክር መፈለግ ተገቢ ነው። የግምገማው ነገር ግን ሌላ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲገባ በእጁ የያዘው የምልከታ ቅጽ ነበር፤ ቅጹ ደግሞ የሚታየውን ይቆጥራል። ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠዋል ወይ? መምህሩ በዕቅዱ ላይ አሳታፊ ዘዴ ጽፏል ወይ? የቡድን መሪ ተመርጧል ወይ? ሰባ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ዴስኮቹን ፊት ለፊት ገጥሞ ያስቀምጣል፤ ግማሹ ተማሪ ጀርባውን ለሰሌዳ ይሰጣል፤ ከዚያ መምህሩ እንደ ድሮው ያስተምራል። ቅጹ ተሞልቷል፣ ሪፖርቱም ተልኳል። በወረቀት ላይ የማስተማር ዘዴው ተለውጧል፤ ልጁ የሚያገኘው ትምህርት ግን ያው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። አንዱ ለውጥ መምህሩን የውይይት አመቻች ይሁን ሲለው፣ ሌላው በስክሪን ላይ ለሚናገር ሰው ቦታውን እንዲለቅ አደረገው። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ የመረመረ ሰው ይህን መጋጨት አያየውም፤ ሁለቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጽመው መምህር ግን በየቀኑ ያየው ነበር። ቴሶም ራሱ አልቆየም፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ብዙ ዓመት ሳያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና መጀመሪያ በሙያ መስክ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ወደሚሰጥበት አሠራር ተለወጠ። አንድ ለውጥ ፍሬው ሳይታይ በሌላ ከተተካ የሁለቱንም ዋጋ ማወቅ አይቻልም።

ምን ይለካል?

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን ለመገምገም አራት ደረጃዎችን አቅርቦ ነበር፦ ሠልጣኙ ስለ ሥልጠናው የተሰማው፣ የተማረው፣ በሥራው ላይ የለወጠው፣ በመጨረሻም ከዚያ የተገኘው ውጤት። በእርዳታ የሚካሄዱ ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፉም። መጠይቁ የሚሞላው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአበል መክፈያው ሲፈረም ነው። ደመወዙ ወር የማያደርስ መምህር ለቀጣዩ ሥልጠና እንዲጠራ ስለሚፈልግ “በጣም ጥሩ” የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የሠልጣኙ ብዛት፣ የታተመው ማንዋልና የመጠይቁ አማካይ ውጤት የሪፖርቱ ማዕከል ይሆናሉ። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት በሚወርደው የአሠልጣኞች ሥልጠና፣ አሥር ቀን የነበረው ትምህርት በየደረጃው እየተቀነሰ መምህሩ ዘንድ ሲደርስ የግማሽ ቀን ገለጻ እንደሚሆን ያስተማሩ ሁሉ ያውቁታል።

የመጨረሻውን ደረጃ፣ ማለትም የተማሪውን ውጤት፣ እንውሰድ። ብሔራዊው የትምህርት ቅበላ ጥናት በ4ኛ ክፍል ያገኘው አማካይ በ1992 ዓ.ም. 47.9 ከመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 ከመቶ፣ በ2000 ዓ.ም. 40.9 ከመቶ ነበር። የ8ኛ ክፍሉም ከ41.1 ወደ 39.7፣ ከዚያም ወደ 35.6 ወረደ። ፖሊሲው ካስቀመጠው 50 ከመቶ ሁሉም በታች ናቸው። ይህን ያየ ሰው እርዳታው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ብዙዎችም ደምድመዋል። እኔ ግን ፍርዱ ችኩል ይመስለኛል። በ1988 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 4 ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 14 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በኋላ የተፈተኑት ልጆች ቀድሞ ከተፈተኑት ጋር አንድ አይደሉም። ወላጆቻቸው ፊደል ያልቆጠሩ፣ ከብት ከማገድ ወደ ክፍል የመጡ፣ ለቤተሰባቸው የመጀመሪያ ተማሪ የሆኑ ልጆች በዚያ አማካይ ውስጥ ገብተዋል። የእነርሱ መግባት ትልቅ ድል ነው፤ አማካዩ ግን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። የመምህራን ልማቱ ውጤቱን ከዚህ የባሰ እንዳይወርድ ደግፎት ይሆን? ወይስ ምንም አልፈየደም? ይህን ለመለየት የአንድን መምህር ተማሪዎች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ፣ ካልሠለጠነው መምህር ተማሪዎች ጋር እያመሳከሩ መከተል ያስፈልግ ነበር። ብሔራዊው ጥናት ለዚህ አልተቀረጸም።

የተሻለ አካሄድ የታየበት ጊዜም አለ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ይህ አሳዛኝ ግኝት ከሪፖርት አልፎ ሥርዓተ ትምህርቱን ቀየረ፤ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ጥያቄው ግልጽ ስለነበረ መልሱም ሥራ ላይ ዋለ፦ ልጁ ያነባል ወይስ አያነብም?

የኬንያ ሁለት ትምህርቶች

ጎረቤታችን ኬንያ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ሁለት ማስረጃዎች አሏት። ተሳክቷል ተብሎ የሚጠቀሰው ቱሶሜ የተባለው የንባብ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ከጀርባው ከ2011 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ላይ በዕጣ እየተመደበ የተፈተነ ሙከራ ነበረው። ለመምህሩ የዕለት ትምህርት መምሪያ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ተሰጠ፤ የመንግሥት የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎችም ታብሌት ይዘው ክፍል ድረስ እየሄዱ ልጆቹን ያስነብባሉ፣ ወዲያውም ለመምህሩ አስተያየት ይሰጣሉ። ግምገማው ከመምህሩ የዕለት ሥራ ጋር ተሳስሮ ነበር።

ሁለተኛው የኮንትራት መምህራን ጥናት ነው። አንድ ዓይነት ፕሮግራም በዕጣ ለሁለት ተከፍሎ በከፊል በግብረ ሠናይ ድርጅት፣ በከፊል በመንግሥት ተፈጸመ። በድርጅቱ እጅ የተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ በመንግሥት እጅ ምንም ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ትንሽ ሙከራ ተሳካ ማለት ሐሳቡ በአገር ደረጃ ይሠራል ማለት አይደለም። ለኢትዮጵያ ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የለጋሾች ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የራሱ መኪና፣ የራሱ ሠራተኛና የራሱ ደመወዝ አለው። የሚገመገመው ያ ፕሮጀክት ነው፤ ኋላ ሥራውን የሚረከበው ግን ነዳጅ የሌለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው።

በ14 አገሮች 139 የመንግሥት የመምህራን ሥልጠናዎችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። በጥብቅ ጥናት ተፈትነው ውጤት ያሳዩት ሥልጠናዎች ከደረጃ ዕድገት ወይም ከደመወዝ ጋር የተያያዙ፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ያተኮሩ፣ መምህሩ በሥልጠናው ላይ ትምህርቱን ራሱ አስተምሮ የሚለማመድባቸው ነበሩ። በመንግሥታት በስፋት የሚሰጡት ሥልጠናዎች አብዛኞቹ እነዚህ ባሕርያት የላቸውም።

በውጤት መክፈል

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ያጸደቀው የ300 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ፕሮግራም ገንዘብ የሚለቀው የተስማሙበት ውጤት ሲረጋገጥ ነበር። ለሥልጠና ቁጥር ከመክፈል ይሻላል። ነገር ግን የአንደኛ ክፍል ማቋረጥ መቀነስ ክፍያ የሚያስገኝ መለኪያ ሲሆን፣ የመረጃው መነሻ የርእሰ መምህሩ መዝገብ ነው፤ ያ መዝገብ ደግሞ ከላይ የሚመጣበትን ጫና ያውቃል። በገለልተኛ አካል ማረጋገጥ የሚረዳውም ልጁ ዘንድ ድረስ ሲሄድ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ። ለዓመታት በየሪፖርቱ ስናነበው የኖርነው መሻሻል የት እንደነበረ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት መባቻ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድረ ገጽ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ በሐምሌ 1 ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። ስለ ልጆቻችን ንባብና ስለ መምህራናችን ሥልጠና በእኛው አገር የተሰበሰበ መረጃ በሌላ አገር መንግሥት ውሳኔ ከእጅ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም። ስለዚህ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆቻችን ጥያቄ አለኝ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፉት የግምገማ ሪፖርቶችና ጥሬ መረጃዎች ተሰብስበው በአገር ውስጥ ለተመራማሪና ለመምህር ክፍት ይሁኑ። ወደፊት የሚፈረም ማንኛውም የእርዳታ ስምምነትም ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኢትዮጵያ ተቋም፣ መምህራኑ በጥያቄው አቀራረጽ ተሳትፈው ለሚካሄድ ግምገማ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይያዝለት። ይህ የማይገባበት ስምምነት አይፈረም።