አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች

በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ፣ ከኖርዌይ ድንበር ብዙም በማይርቀው የኮላ ምድር፣ ዛፖልያርኒ ከምትባለው የማዕድን ከተማ አጠገብ ዝገት የበላው የብረት ክዳን አለ። የጉድጓዱ አፍ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥልቀቱ ግን 12,262 ሜትር፤ ራስ ዳሸን ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ቢገባበት ሦስት ኪሎ ሜትር ይተርፋል።

ሰው ለውሃ፣ ለወርቅ ወይም ለነዳጅ ቢቆፍር ማንም አይገረምም። እዚህ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተፈለገም። የተፈለገው በ1909 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ላነሳው ጉዳይ መልስ ነበር። እሱ የርዕደ መሬት ሞገድ ከተወሰነ ጥልቀት በታች በድንገት እንደሚፈጥን አስተውሎ፣ የምድር ቅርፊት የሚያበቃበት ድንበር እዚያ ነው አለ። ድንበሩን በዓይኑ ያየ ግን አልነበረም።

አሜሪካኖች ቀደሙ። ቅርፊቱ ከባሕር በታች ቀጭን ስለሆነ በ1961 በሜክሲኮዋ ጓዳሉፔ ደሴት አቅራቢያ ከመርከብ ላይ ቆፈሩ፤ የባሕሩን ወለል 183 ሜትር ወጉት። ወጪው እየናረ ሲሄድ ኮንግረሱ በ1966 ገንዘቡን ከለከለ።

ሶቪየቶች በግንቦት 1970 ኮላ ላይ ጀመሩ። ጨረቃ ላይ የተበለጠ መንግሥት ወደ ታች ለመቅደም መነሣቱን ፉክክር አይደለም የሚል ካለ እኔ አላምነውም። ዘዴያቸው ግን ብልሃት ነበረበት። ኪሎ ሜትሮች የሚረዝመውን ቱቦ በሙሉ ከማሽከርከር ይልቅ የቁፋሮ ጭቃ በግፊት ወደ ታች እየላኩ፣ ጫፉ ላይ ያለውን መሰርሰሪያ ብቻ በጭቃው ኃይል ያዞሩት ነበር። መሰርሰሪያው በደነዘ ቁጥር ቱቦውን ሁሉ እየፈቱ ማውጣት፣ ከዚያ እየገጠሙ መልሶ ማውረድ ግድ ነው። በ1979 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ተይዞ የነበረውን የ9,583 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበሩ። በመስከረም 1984 ግን ከ12 ኪሎ ሜትር በታች ሳሉ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቱቦ ተበጥሶ ቀረ። ከ7,000 ሜትር ላይ ሌላ አቅጣጫ ይዘው እንደገና ጀመሩ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ክብረ ወሰኑ አይደለም፤ የሳይንቲስቶቹ ግምት መሳሳቱ ነው። በ7 ኪሎ ሜትር አካባቢም ሞገዱ ስለሚፈጥን፣ እዚያ ግራናይቱ አብቅቶ ባዛልት ይጀምራል ተብሎ ነበር። ባዛልቱ አልተገኘም፤ ሞገዱን ያፈጠነው በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ያው ግራናይት ሆነ። ድንጋዩም የተሰነጣጠቀና ውሃ የቋጠረ ነበር፤ ይህን ማንም አልጠበቀም። ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ የጥንት ፍጥረታት ቅሪት ተገኘ።

የጉድጓዱን ስም ያገነነው ግን ሌላ ወሬ ነው። ቆፋሪዎቹ ማይክሮፎን አውርደው የኩነኔ ነፍሳትን ጩኸት ሰሙ የሚለው ተረት ከ1989 ጀምሮ በየአገሩ ዞረ፤ አንድ የአሜሪካ የክርስቲያን ቴሌቪዥንም አስተጋባው። ወሬው ጥልቀቱን 14 ኪሎ ሜትር፣ ሙቀቱን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያደርገዋል። ኮላ 14 ኪሎ ሜትር ደርሶ አያውቅም፤ በዚያ ሙቀትም የሚተርፍ ማይክሮፎን የለም።

ሥራውን ያስቆመው እውነተኛው ሙቀት ነው። ከታች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል ሲባል 180 ተገኘ፤ አለቱ እየላላ የተቆፈረውን መልሶ ይደፍነው ጀመር። ለ15,000 ሜትር የታቀደው ቁፋሮ በ1992 ቆመ። ሶቪየት ኅብረትም ፈርሳ፣ ገንዘቡም አልቆ ነበር። የኮላ ምድር ቅርፊት ውፍረት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሞሆሮቪቺችን ድንበር እስከ ዛሬ በመሰርሰሪያ የነካው የለም።

180 ዲግሪ ለማግኘት 12 ኪሎ ሜትር መውረድ ግን የሁሉም አገር ዕጣ አይደለም። ስምጥ ሸለቋችን ውስጥ፣ አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ወርደው ከ300 ዲግሪ በላይ አግኝተዋል። በእንፋሎታቸው እንዲሠራ የተተከለው የአገሪቱ የመጀመሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ።