የመላው አፍሪካ ጨዋታና የአትሌቲክሱ ጉዞ

አንድ ሕዝብ ጉልበቱንና ጥበቡን በገዛ ሜዳው ላይ ለመመዘን መቻሉ የነጻነቱ አንዱ ምልክት ነው። ይህ መብት ለአፍሪካ ስፖርተኞች በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። የአህጉሪቱ ሕዝቦች የሚወዳደሩበት ጨዋታ በ1925 በአልጀርስ፣ ኋላም በ1929 በእስክንድርያ እንዲካሄድ ታስቦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቅኝ ገዥዎቹ ግን ተገዥዎቻቸው በአንድ ሜዳ ተሰባስበው እንዲተያዩ አልፈቀዱምና ሐሳቡ ከፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ።

ጊዜው ሲለወጥ ሜዳውም ተከፈተ። በ1960 በአንታናናሪቮ፣ በ1961 በአቢጃን፣ በ1963 በዳካር የተካሄዱት የወዳጅነት ጨዋታዎች መንገዱን ጠረጉ። በሐምሌ 1965 ደግሞ የመጀመሪያው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በኮንጎዋ ብራዛቪል ተጀመረ። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አገሮች ተሳተፉ። የአይቮሪ ኮስቱ ጋውሱ ኮኔ የ100 እና የ200 ሜትር ድል ሲቀዳጅ፣ የኬንያው ኪፕቾጌ ኬይኖ በ1500 እና በ5000 ሜትር አሸነፈ። ለሴቶች የተመደበው ሩጫ ግን ከአጭር ርቀት አላለፈም። ይህ ጉድለት እስኪታረም ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ሁለተኛው ጨዋታ በ1969 በባማኮ ሊደረግ ታቅዶ ሳለ በማሊ የተካሄደው የመንግሥት ግልበጣ አሰናከለው። ስለዚህም አህጉሪቱ ዳግመኛ የተገናኘችው በጥር 1973 በሌጎስ ነበር። ሌጎስ ላይ ነባሩና አዲሱ ትውልድ ፊት ለፊት ተያዩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ታንዛኒያዊ ፊልበርት ባዪ በ1500 ሜትር ኬይኖን ቀደመ። ኬንያዊው ቤን ጂፕቾ የ3000 ሜትር መሰናክልን በ8 ደቂቃ ከ20.8 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለሙን ክብረ ወሰን ተስተካከለ። ኡጋንዳዊው ጆን አኪ ቡዋ በ400 ሜትር መሰናክል አሸነፈ። በሙኒክ ኦሎምፒክ የ5000 ሜትሩ ማጣሪያ ያመለጠው ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ፣ ዕድሜው አርባን የተሻገረው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በድል ፈጸመ። የአፍሪካ የአትሌቲክስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ስም አንድ ላይ የሚጠራው በድላቸው ብቻ አይደለም። በ1976 ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ራሳቸውን አገለሉ። ምክንያቱም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱና የኦሎምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን ከውድድሩ ለማገድ አለመፈለጉ ነበር። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ከተመለሱት መካከል ናቸው። ባዪ ከኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ጋር ሊያደርገው ይጠበቅ የነበረው ፍልሚያ ቀረ፤ አኪ ቡዋ የሙኒክ ዘውዱን ሳይከላከል ቀረ፤ ምሩጽ ለወርቁ እስከ ሞስኮ፣ እስከ 1980 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። የስፖርተኛ የጉልምስና ዘመን አጭር ነው፤ አራት ዓመት መጠበቅ ለብዙዎቹ ዕድሜ ልክ ማጣት ማለት ነበር። ውሳኔው የመንግሥታት ሲሆን ዋጋውን በእግሩ የከፈለው ሯጩ ነው።

ሐምሌ 1978 በአልጀርስ የተካሄደው ሦስተኛው ጨዋታ ትርጉሙ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። ባዪ በ1500 ሜትር ዳግመኛ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ የ10,000 ሜትሩንና የ3000 ሜትር መሰናክሉን ወርቅ ወሰደ። ሮኖ ኬንያ በቀረችባቸው በሞንትሪያልና በሞስኮ ምክንያት በኦሎምፒክ መም ላይ ሳይሮጥ ያለፈ ሰው ነው። ወገኖቹ በዓይናቸው አይተው የመሰከሩለት የአህጉሩ ሜዳ ነው።

ከአልጀርስ በኋላ አህጉሪቱ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች። ከ1987ቱ የናይሮቢ ጨዋታ ወዲህ ግን ውድድሩ በየአራት ዓመቱ መካሄድ ጀመረ። የሴቶቹም ሜዳ ሰፋ። ሞዛምቢካዊቷ ማሪያ ሙቶላ በ1991፣ በ1995 እና በ1999 የ800 ሜትር ድልን ለሦስት ጊዜ ተቀዳጀች። ኢትዮጵያዊቷ መሠረት ደፋር ደግሞ በ2003 በአቡጃ፣ በ2007 በአልጀርስ የ5000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በብራዛቪል ሴት ልጅ ያልተፈቀደላት ርቀት የአህጉሪቱ መኩሪያ ሆነ።

ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ተላቃ በ1995 በሐራሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድሞቿ ጋር ተሰለፈች፤ በ1999 ደግሞ ጆሃንስበርግ አስተናጋጅ ሆነች። ሙቶላ ሦስተኛ ድሏን ያገኘችው በዚያች ከተማ ነው። በ1976 ጫማቸውን ሳያጠልቁ ከሞንትሪያል የተመለሱት ሯጮች በጆሃንስበርግ የሜዳሊያ ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም። ያ ሜዳ ለመላው አፍሪካ እንዲከፈት ከከፈሉት መካከል ግን እነርሱ ይገኙበታል።