ከኦስትኤንድ ወደ መካ፦ ስለ ሐጅና ዑምራ ክትባት ማወቅ የሚገባን

እኔ በምኖርበት በፍራንክፈርት ኦስትኤንድ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚነሡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ጀርመንኛ የሚከብዳቸውን እናቶችና አባቶች ይዤ ለማስተርጎም ሐኪም ዘንድ ስሄድ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ይህ መርፌ ለቪዛ ብቻ ነው አይደል?» የሚል ነው። ለቪዛ መጠየቁ እውነት ነው። ነገር ግን ግዴታው የመጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አገራችንን በቀጥታ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት በመካ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። መንሥኤው «ኤ» የሚባለው የባክቴሪያው ዓይነት ነበር። ይህን ባክቴሪያ አንድ ሰው ሳይታመም በጉሮሮው ተሸክሞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በ1988 ሱዳንና ቻድ፣ ከዚያም እስከ 1989 ድረስ ኢትዮጵያ በከባድ ወረርሽኝ ተመቱ፤ ተመራማሪዎችም በእነዚህ አገሮች የተገኘው ባክቴሪያ ከመካው ጋር የአንድ ዘር መሆኑን አሳዩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ክትባቱን ግዴታ ያደረገችው ከ1987ቱ ወረርሽኝ በኋላ ነው። በ2000 ደግሞ «ደብልዩ» የተባለው ዓይነት በሑጃጅና አውሮፓ ውስጥ በቀሩ ቤተሰቦቻቸው ላይ ሲደርስ፣ «ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ» የተባሉትን አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት ተተካ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ከሐጅ ይልቅ ዑምራ ነው። ሐጅ በድርጅትና በብዙ ወረቀት ስለሚኬድ ክትባቱ አይረሳም። ዑምራ ግን ትኬት ተቆርጦ በሳምንት ውስጥ የሚኬድበት ጊዜ አለ፤ ወረቀቱንም የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል። በ2024 ጸደይ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ከሳዑዲ ጉዞ ጋር የተያያዙ 12 ሕሙማን ተመዘገቡ። ከእነዚህ ሁለቱ ራሳቸው ያልተጓዙ፣ ከተጓዦች ጋር የቀረበ ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው ዘጠኙ አንዱም አልተከተበም ነበር።

መርፌው ሳዑዲ ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ጀርመን አገር የሚሰጡት ኒሜንሪክስ፣ ሜንቬኦና ሜንኳድፊ «ኮንጁጌት» የሚባለው ዓይነት ስለሆኑ ለ5 ዓመት ያገለግላሉ። ነገር ግን ዓይነቱ በምስክር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ የሚቆጠርልዎ 3 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በቢጫዋ ኢምፕፋስ ላይ ስሙ በትክክል መስፈሩን ሳያዩ ከሐኪሙ ክፍል አይውጡ።

«ልጄ በሕፃንነቱ ተከትቧል» የሚሉም አሉ። ጀርመን ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ለሕፃናት የሰጠችው የ«ሲ»ን ብቻ ነው። በኢትዮጵያም ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ የተሰጠው «ኤ»ን ብቻ የሚከላከል ነበር። ሁለቱም ለሐጅ አይበቁም።

ከፍራንክፈርት በቀጥታ ወደ ጅዳ ለሚበር ሰው ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ጥያቄ አይነሣም። ብዙዎቻችን ግን «እግረ መንገዴን ዘመድ ልጠይቅ» ብለን አዲስ አበባ እንሰነብታለን። ያን ጊዜ ሳዑዲ የምትቀበልዎ ከኢትዮጵያ እንደመጣ መንገደኛ ነው፤ ኢትዮጵያም የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ። ከ2016 ወዲህ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድዎን አይጣሉት። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ግን ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከፍ ስለሚል አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይምከሩ። ጀርመን ውስጥ ይህን ክትባት የሚሰጡት የተፈቀደላቸው ጣቢያዎች ብቻ ናቸው። ለእኛ ለኦስትኤንድ ሰዎች በብራይተ ጋሰ የሚገኘው የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት፣ ጌዙንትሃይትስአምት፣ ቅርብ ነው። የፖሊዮው ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዓመቱን የሳዑዲ መመሪያ ማየት ይበጃል። ወጪውን ብዙ ክራንከንካሰዎች በሙሉ ወይም በከፊል ይመልሳሉ፤ ደረሰኝዎን ይያዙ።

መርፌ የማይከላከለው ነገርም አለ። በ2024 ሐጅ በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ሳዑዲ ራሷ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቃለች። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የሄዱ፣ ጥላና ማረፊያ ያላገኙ ነበሩ። ወንድ በኢሕራም ራሱን መሸፈን ባይፈቀድለትም ጃንጥላ መያዝ ይችላል። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ፀጉር ሲላጩ አዲስ ምላጭ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ በአንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መላጨት የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። የግመል ወተት የሚወዱ ወገኖቼ ይቅር ይበሉኝና፣ እዚያ ጥሬውን አይጠጡ፤ በ2012 ሳዑዲ ውስጥ የተገኘው የሜርስ ቫይረስ ከግመል ይተላለፋል።

ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድንገተኛ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር ወይም ተጭኖ የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ቢታይብዎ እስኪነጋ አይጠብቁ። 112 ይደውሉና ከሳዑዲ መምጣትዎን በመጀመሪያ ይናገሩ። ምርመራው ከተረጋገጠ አብረውዎ የሚኖሩት ሁሉ መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋቸዋል።