ቀሚሳቸውን ያወለቁ ቄሶች

«ኢየሱሳውያን» (ጀስዊቶች) የሚለው ስም በእኛ ታሪክ ደግ ስም አይደለም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሀገሩን ደም ካቃቡት፣ አፄ ፋሲለደስም ካባረሯቸው ወዲህ ማስፈራሪያ ሆኖ ኖሯል። ታዲያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን አደራ የሰጡት ለማን ይመስላችኋል? ለእነሱው!

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ትምህርት ቤት ከነጻነት በኋላ ሕንጻው አለ፤ መምህር ግን ከየት ይምጣ? ተምሮ የነበረውን ወጣት ጣሊያን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ወዲህ እየለቀመ ፈጅቶታል። የተጠሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ናቸው። ካናዳ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የላትም፤ ይህም ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ውሉ ግልጽ ነበር፤ ስብከት የለም፣ የቅስና ቀሚስ የለም። ሉሲየን ማትና ጓደኞቻቸው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው፣ የአፍ መፍቻቸው ባልሆነው በእንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ገቡ። እኔ በጊዜው ብኖር፣ እውነቱን ልናገር፣ እጠራጠራቸው ነበር።

ጥርጣሬው ግን ከሽፏል። ሰዎቹ የያዙት ጥናቱንና ሥነ ሥርዓቱን ነው። ንጉሡም በጣም ወደዷቸውና እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ማትን ሾሙ።

በታኅሣሥ 1953 የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከር፣ ደግፈው አደባባይ የወጡት የዚያው ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። አፄው ያንን ውል ሲዋዋሉ የፈሩት ሃይማኖቱን ነበር።